ዘረመል ሲባል ዘር ማለት አይደለም፦ አንድ እግሩ ከሌላው በልጦ ስለሚያድግ ልጅ

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ አንድ ቃል ነው፤ «ዘር»። እዚህ አገር ያደግን ልጆች «ጀኔቲክ» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልስ አብዛኞቻችን «በዘር የሚመጣ» እንላለን። ሐኪሙ እያየን፣ እናታችን ወይም አክስታችን እየጠበቀችን፣ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ለስኳርና ለደም ግፊት ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ዛሬ ለምነግራችሁ የበሽታ ዓይነት ግን ነገሩን ሙሉ በሙሉ ይገለብጠዋል። እናትየውን ባላጠፋችው ጥፋት ያስወቅሳታል፤ የልጁን እህትና ወንድም ደግሞ ገና ለትዳር ሳይደርሱ «የእነ እንትና ዘር» ያስብላቸዋል።

መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሚመስል። አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ አንድ እግራቸው፣ አልፎ አልፎም አንድ ክንዳቸው፣ ከሌላው ይወፍራል ወይም ይረዝማል። በዚያው እግር ላይ ወይን ጠጅ የፈሰሰበት የሚመስል ሰፊ ምልክት ይኖራል። ልጁ ቆሞ መሄድ ሲጀምር ደግሞ ብዙ ጊዜ በጭኑና በባቱ ውጫዊ ጎን በኩል የተጠማዘዘ ወፍራም የደም ስር ብቅ ይላል። ይህን የሦስት ነገሮች ስብስብ በ1900 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ሞሪስ ክሊፔል እና ፖል ትሬኖኔ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ጽፈው ስላወጡት ክሊፔል ትሬኖኔ ሲንድረም ተባለ። ሦስቱም በሁሉም ሰው ላይ ተሟልተው አይገኙም፤ ሁለቱ ብቻ ያሉባቸው አሉ።

ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። ፓርክስ ዌበር የሚባለው ላይ ላዩን ይመስለዋል፤ በውስጡ ግን ደም ከልብ የሚወስዱት ደም ቅዳዎች ቀጫጭኖቹን የደም ስሮች ሳያልፉ በቀጥታ ወደ ደም መልሶች ይገባሉ። እግሩ ሲዳሰስ ይሞቃል፤ አንዳንዴ እጅ ሲያርፍበት ርግብግብ ይላል፤ ልብም ያን ሁሉ ደም ለመግፋት ሲታገል በጊዜ ብዛት ሊደክም ይችላል። ክሎቭስ የሚባለው በጎንና በጀርባ ላይ የስብ እብጠት ይጨምራል። ፕሮቲየስ ደግሞ ሲወለዱ ብዙም ሳይታይ ቆይቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይጀምርና ያለ ፋታ እያደገ ይሄዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ «የዝሆን ሰው» እየተባለ ለተመልካች ይቀርብ የነበረው ጆሴፍ ሜሪክ ይህ በሽታ ሳይኖርበት አይቀርም ብለው የሚያምኑ ብዙ ሐኪሞች አሉ። ስሞቹን በቃላችሁ እንድትይዙ አይደለም የዘረዘርኳቸው። ላይ ላዩን አንድ የሚመስሉ እግሮች በውስጣቸው የተለያየ ነገር ስላለባቸው፣ አንዱን የሚረዳ ሕክምና ሌላውን ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

በእኛ ቤቶች ቆዳ ላይ ያለ ምልክት ብዙ አያስጨንቅም። «ማርያም የሳመቻት ቦታ ናት» ይባላል፤ እናት ትስመዋለች፣ አያት ትስመዋለች፣ ነገሩ ያበቃል። አንዳንዶቹ ደግሞ እርጉዟ አምሯት ያላገኘችውን ምግብ ያነሳሉ። እውነቱን ለመናገር የማርያሙን አባባል እወደዋለሁ፤ ልጁ ስለ ገላው የሚሰማው የመጀመሪያው ቃል ፍቅር ነው። አብዛኛው ምልክትም በእርግጥ ምንም አያመጣም። የነርሷ ሥራ የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ማርያም የሳመችው ቦታ እያደገ ነው? ወይስ እየጠፋ? ወይስ ከልጁ ጋር እኩል እየሰፋ?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሐኪሞች በትክክል የመለሱት ብዙ ጊዜ ከወሰደባቸው በኋላ ነው። በ1982 ጆን ማሊከን እና ጁሊ ግሎዋኪ የተባሉ ሁለት የቦስተን ባለሙያዎች የልጆችን የደም ስር ምልክቶች በማይክሮስኮፕ አይተው ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ዕጢ ነው፦ ሕዋሶቹ ይራባሉ፣ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወጣል፣ ለወራት ያብጣል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ እየሟሸሸ ይሄዳል። ሄማንጂዮማ የሚባለው ይህ ነው፤ ሕክምና ቢያስፈልገው እንኳ ከ2008 ወዲህ ፕሮፕራኖሎል የተባለው የድሮ የልብ መድኃኒት ያሟሽሸዋል። ሁለተኛው ግን ዕጢ አይደለም፤ የደም ስሩ ገና በማህፀን ሲሠራ ተዛብቶ የተሠራ ነው። ሲወለድ አብሮ ይወለዳል፣ ከልጁ ጋር ያድጋል፣ በራሱ አይጠፋም። «ቆዩ፣ ሲያድግ ይጠፋል» የሚለው ምክር ለመጀመሪያው እውነት ነው፤ ለሁለተኛው ግን የዓመታት ብክነት ነው። የእኛ የክሊፔል ትሬኖኔ ልጅ ከሁለተኛው ወገን ነው።

የእኛ ቆዳ ሌላ ችግር ይጨምራል። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ሥዕሎች ብዙዎቹ ነጭ ቆዳ ላይ የተነሱ ናቸው፤ ምልክቱ እዚያ ላይ ደማቅ ቀይ ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ጥቁር ሐምራዊ፣ ቡናማ ወይም ልጁ ወድቆ የተመታ የሚያስመስል ጥላ ብቻ ሊሆን ይችላል። ክሊኒካል የምትወጡ ጓደኞቼ ይህን ልብ በሉ፦ ልጁን በጥሩ ብርሃን እዩት፣ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አድርጉ፣ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀታቸውን አወዳድሩ፣ የሁለቱን እግር ውፍረት በተመሳሳይ ቦታ በሜትር ለኩ። እናት «አንድ ካልሲ ይጠብበታል» ካለች አምኗት። ብዙ ጊዜ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የምታውቀው እሷ ነች።

አሁን ወደ አገር ቤት ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም ትልቅ እግር ሲባል የወላጆቻችን ትውልድ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝሆኔ። ኢትዮጵያ ውስጥ በጣም የተለመደው የዝሆኔ ዓይነት ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ትል አያመጣውም፣ ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚመጣው በደጋማ ቦታዎች ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተሠራ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። በአገሪቱ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንዳለበት ይገመታል። ሕክምናው በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው፤ ጫማ የሚያደርግ ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይዘውም።

ዝሆኔና የእኛ በሽታ ሲነጻጸሩ እንዲህ ናቸው። ዝሆኔ ከእግር ጣትና ከመርገጫ ይጀምራል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጉልበት በላይ እምብዛም አያልፍም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ የሚጀምረውም በልጅነት መጨረሻ ወይም በወጣትነት ነው። ክሊፔል ትሬኖኔ ከልደት ጀምሮ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እግር ብቻ ነው፣ ጭንና ዳሌ ድረስ ሊወጣ ይችላል፣ ምልክትና የደም ስር አብረውት አሉ። የሁለት ዓመት ልጅ ዝሆኔ አለው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መልሱ «አይመስልም» ነው።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቹ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ባወጡት ጥናት፣ ለዝሆኔ መጋለጥ በእርግጥ ከቤተሰብ ከሚወረሱ የበሽታ መከላከያ ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። አንድ መንደር፣ አንድ አፈር፣ ግን ሁሉም አይታመምም፤ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያም ሆኖ ጫማ ካለ በሽታው የለም። አገር ቤት የዝሆኔ ሕመምተኛ ቤተሰብ ልጆች «ዘራቸው ነው» እየተባሉ ጋብቻ ሲከለከሉ ኖረዋል። እዚህ ደግሞ ምንም ያልተወረሰበት የሕፃን እግር በዚያው ስም ይፈረድበታል።

ምንም ያልተወረሰበት ያልኩት እንዴት ነው? እያንዳንዳችን የተጀመርነው ከአንድ ሕዋስ ነው። ያ ሕዋስ ሁለት ይሆናል፣ አራት ይሆናል፣ እያለ ይቀጥላል፤ በየክፍፍሉም ዘረመሉን ይገለብጣል። ከተፀነሰ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ከእነዚያ ሕዋሶች አንዱ ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ይስታል እንበል። ከሱ በኋላ የሚወለዱት ሕዋሶች ብቻ ያንን ስህተት ይይዛሉ፤ ሌላው ሰውነት ንጹሕ ነው። ሸማኔ ነጠላ እየሠራ መሃል ላይ ድሩን ሳይነካ ማጉን ብቻ ቢቀይር፣ ቀለሙ ከዚያ ወዲህ ባለው ክፍል ላይ ብቻ ይታያል፤ ጥጡን የፈተለችውን ሴትዮ ማንም አይጠይቃትም። ይህ ዓይነቱ ሰውነት ሞዛይክ ይባላል።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚወድቅበት ጂን ፒክ ሦስት ሲኤ ይባላል። ሥራው ሕዋሱን «እደግ» ማለት ነው። ጤነኛው ጂን ምግብና ትእዛዝ ሲመጣ ይነሳል፣ ሲበቃ ይተኛል። የተለወጠው አይተኛም። እዚያ እግር ላይ አጥንት፣ ስብ፣ ቆዳ፣ የደም ስር ሁሉ ያለማቋረጥ «እደግ» ይባላሉ። በክሎቭስ በ2012፣ በኋላም በብዙ የክሊፔል ትሬኖኔ ሕመምተኞች ላይ ይኸው ጂን ተገኘ። ስለዚህ በየስሙ ተበታትነው የነበሩት በሽታዎች ዛሬ ፕሮስ በሚል አንድ የጋራ ስም ይጠራሉ። በፕሮቲየስ ጥፋተኛው በዚያው የትእዛዝ መስመር ላይ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው ኤኬቲ አንድ ነው።

አሌክሳንድሪያ፣ አክስቴ በምትኖርበት ሕንፃ ውስጥ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ያላት ጎረቤት አለች። ነርሲንግ እንደምማር ስለምታውቅ አንድ እሁድ ቡና ላይ ወረቀት ይዛ መጣች። የልጁ የደም ምርመራ ውጤት ነበር፤ «ለውጥ አልተገኘም» ይላል። ቀጠሮው ላይ በስልክ ያስተረጎመላት ሰው ደግሞ «ሐኪሟ የዘር ችግር ነው ብላ ትጠረጥራለች» ብሏታል። ወረቀቱ የለም ይላል፣ ሐኪሟ አለ ትላለች። አዲስ አበባ ያሉት አያት በስልክ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «በማን ወገን ነው?» እናትየው ያንን ጥያቄ ስትደግምልኝ ድምፅዋ ተቀየረ። በባሏ ወገን ቢባል ባሏ ይከፋዋል፤ በእሷ ወገን ቢባል እሷ።

መልሱ በማንም ወገን አይደለም የሚል ነው፤ ወረቀቱም ሐኪሟም ትክክል ናቸው። ስህተቱ ያለው እግሩ ውስጥ ነው፤ ደሙ ውስጥ ላይኖር ይችላል። በፒክ ሦስት ሲኤ በሽታዎች የደም ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው የሚመለሰው። ለማግኘት ከታመመው ቦታ ትንሽ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል፤ ከቆዳው ወይም በሌላ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ከሚወጣው ሥጋ። ላቦራቶሪውም ከመቶ ሕዋስ ጥቂቱ ብቻ የተለወጠበትን ናሙና መለየት የሚችል፣ በጥልቀት የሚያነብ መሣሪያ ሊኖረው ይገባል። እኔ ተማሪ ነኝ፤ የልጁን እግር አይቼ ስም አልሰጠሁትም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚሆኑ ጥያቄዎች ግን አብረን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍን፦ ምርመራው ከደም ነው ወይስ ከእግሩ? ደሙ በፍጥነት ነው የሚሄደው ወይስ በዝግታ? የውስጠኛው ደም መልስ አለ ወይ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ላብራራ። ብዙ ቤተሰብ ያንን ውጪ ላይ የተጠማዘዘ የደም ስር ሲያይ «ይውጣለት» ይላል። ነገር ግን አንዳንድ የክሊፔል ትሬኖኔ ሕመምተኞች ውስጠኛው ትልቁ ደም መልስ ጠባብ ነው ወይም የለም፤ ደሙ ወደ ልብ የሚመለሰው በዚያው በሚያስጠላው መንገድ ነው። ያንን ካወጡት ወይም ከዘጉት እግሩ ይባስ ያብጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በዶፕለር አልትራሳውንድ የደሙ ፍጥነት ይታያል፣ በኤምአርአይ ደግሞ በሽታው ምን ያህል ጡንቻና ዳሌ ውስጥ እንደገባ ይታያል። ምስል ሳይነሳ ቢላዋ አይነሳም።

ማስተርጎም ላይ ላለን ሰዎች ደግሞ እኔ የምጠቀምበትን ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ፦ «ልጁ ከተፀነሰ በኋላ በራሱ ሰውነት ውስጥ የተፈጠረ ለውጥ ነው፤ ከእናትም ከአባትም አልመጣም።» ረዘም ይላል፤ ቢሆንም «የዘር» ከሚለው አንድ ቃል ይሻላል። ሕመምተኛው አድጎ ሲወልድ ለልጁ የማስተላለፍ ዕድሉም በጣም አነስተኛ ነው። በነገራችን ላይ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ በሕግ ግዴታው ነው፤ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀርም ትንሽ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድለትም። ስንቶቻችን ነን በዘጠኝ ዓመታችን የእናታችንን የማህፀን ምርመራ ያስተረጎምነው? አስተርጓሚው የተናገረው ካልገባችሁ ማስደገም፣ ሌላ ሰው መጠየቅም ይቻላል።

እዚህ ላይ ግን «ሁሉም አይወረስም» ብዬ ካለፍኩ እዋሻለሁ። ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች በብዙ የሰውነት ክፍል ላይ ካሉ፣ እናት ወይም አባትም ካላቸው፣ ደሙም ፈጣን ከሆነ፣ ራሳ አንድ የሚባል ጂን ይጠረጠራል። የፓርክስ ዌበር አንዳንዱ ከዚህ ይመጣል፤ ይህኛው ደም ላይ ይገኛል፣ ለእያንዳንዱ ልጅም የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ፒቴን የሚባለውም ይወረሳል፤ እሱ ደግሞ ለጡትና ለታይሮይድ ካንሰር ያጋልጣል፣ ስለዚህ መላው ቤተሰብ ክትትል ያስፈልገዋል። አንድ ወገን ብቻ አድጎ ምልክት የሌለባቸው ሕፃናት ደግሞ የኩላሊት ዕጢ እንዳይኖርባቸው ለተወሰኑ ዓመታት በየሦስት ወሩ ሆዳቸው በአልትራሳውንድ ይታያል። «ትልቅ እግር ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ስም ሳያስወጡ መተው የማያዋጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን። የእነዚህ በሽታዎች ታሪክ ትልቁ ክፍል የተሠራው ሁላችንም በመኪና በምናልፍበት አካባቢ ነው። ቤተዝዳ ያለው ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ የሌስሊ ቢዜከር ቡድን በ2011 የፕሮቲየስን ጂን ያገኘው እዚያ ነው፤ ከ29 ሕመምተኞች በ26ቱ ላይ ያችው አንዲት የፊደል ለውጥ ተገኘች። ባልቲሞር በሚገኘው ኬኔዲ ክሪገር ኢንስቲትዩት ያሉ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2013 የስተርጅ ዌበርን፣ ማለትም ፊት ላይ የሚወጣውንና አንጎልንም የሚነካውን ወይን ጠጅ መሰል ምልክት፣ ምክንያት አገኘ፤ እሱም ከተፀነሰ በኋላ የተፈጠረ፣ ያልተወረሰ ለውጥ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያ አቬኑ ወደ ከተማ ስትወርዱ የቀድሞው የዋልተር ሪድ ግቢ ውስጥ የችልድረንስ ናሽናል ሆስፒታል የብርቅ በሽታዎች ኢንስቲትዩት አለ። መድኃኒት የሚፈቅደው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይት ኦክ፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ላይ ነው። እኔ ለዓመታት ያንን ግቢ የሚያስተኛ ቢሮ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው።

በኤፕሪል 2022 ከዚያ ግቢ አልፔሊሲብ ለተባለ መድኃኒት ፈቃድ ወጣ፤ ዕድሜያቸው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ በሽታው ለከፋባቸው የፕሮስ ሕመምተኞች። ለበሽታው የመጀመሪያው የተፈቀደ መድኃኒት ነበር። አመጣጡ ደስ ይላል። መድኃኒቱ የተሠራው ለጡት ካንሰር ነው፤ ምክንያቱም ያው ፒክ ሦስት ሲኤ ጂን በብዙ ዕጢዎች ውስጥም ተለውጦ ይገኛል። ፓሪስ በኔኬር ሆስፒታል የሚሠራው የኩላሊት ሐኪም ጊዮም ካኖ «ጂኑ አንድ ከሆነ ለምን አንሞክረውም?» አለና ለሕይወታቸው በሚያሰጋ ደረጃ ለታመሙ ሰጠ፤ በ2018 የ19 ሕመምተኞችን መሻሻል ኔቸር ላይ አወጣ። በኋላ ለፈቃዱ የቀረበው መረጃ ግን ልክ እንደ ዜናው አልነበረም፤ መድኃኒቱን በልዩ ፈቃድ ከወሰዱ ሰዎች መዝገብ ከተመዘኑት 37 መካከል በ24ኛው ሳምንት እብጠታቸው ቢያንስ በ20 በመቶ የቀነሰው 10 ነበሩ። አንዳንዱ እግር ባይቀንስ እንኳ ሕመሙና ድካሙ ይቀላል። ፈቃዱም የተፋጠነ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ኩባንያው ተጨማሪ ጥናት አድርጎ ጥቅሙን ማረጋገጥ አለበት።

ቤተሰብ «የካንሰር መድኃኒት» ሲባል ልጄ ካንሰር አለው ወይ ብሎ ይደነግጣል። የለውም። መድኃኒቱ የሚያደርገው ያንን «እደግ» የሚል ድምፅ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ካቆሙት ድምፁ ሊመለስ ይችላል። ይኸው መስመር የኢንሱሊንንም መልእክት ስለሚያስተላልፍ መድኃኒቱ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ስኳር ይለካል። ተቅማጥና የአፍ ቁስልም አለው። ከሱ በፊት ብዙ ሐኪሞች የሚሰጡት፣ ዛሬም የሚሰጡት፣ ሲሮሊመስ ነው፤ ራፓ ኑይ ከምትባል ደሴት አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የመጣ፣ ኩላሊት ለተተከለላቸው የሚሰጥ መድኃኒት። በተለይ በዝግታ የሚፈስ ደም መልስና ሊምፍ ላለባቸው ይጠቅማል። የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ግን ትኩሳት የያዘው ልጅ «ነገ ይሻለዋል» ተብሎ ቤት አይቀመጥም።

መድኃኒቶቹ ዜና ይሆናሉ፤ አብዛኛው የእንክብካቤ ሥራ ግን ዜና የማይሆን ነው፣ አብዛኛውም የነርስ ሥራ ነው። በልክ የተሰፋ፣ የሚያጠብቅ የሕክምና ካልሲ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ማድረግ፤ ልጁ ስለሚያድግ ልኩን ደጋግሞ ማስለካት። የእግሮቹ ቁመት ልዩነት ትንሽ ከሆነ ጫማው ሥር ሶል ማስጨመር፤ ብዙ ከሆነ ረጅሙ እግር ላይ ያለውን የአጥንት ማደጊያ ቦታ በተሰላ ዕድሜ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማቆም፣ ያኛው እስኪደርስበት። ይህ ጊዜው ካለፈ አይመለስም፤ የአጥንት ሐኪም ቀጠሮ መዝለል የማይገባውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ዘመዶች እንዲህ ያለ ልጅ ካላቸው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የልጆችን የአጥንት ችግር ያያል። የተበላሹ ደም መልሶችን በመርፌ በሚገባ መድኃኒት ማድረቅ፣ ምልክቱን በሌዘር ማደብዘዝም አለ። በድንገት የሚቀላና የሚሞቅ እግር የቆዳ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን አንቲባዮቲክ ይፈልጋል። ሽንት ወይም ሰገራ ላይ ደም መታየቱም መነገር አለበት፤ የደም ስሮቹ ፊኛና አንጀት ድረስ የሚደርሱበት ጊዜ አለ። እፍረት እዚህ ቦታ የለውም።

አንድ ነገር በተለይ ለእኛ ዕድሜ። በእነዚያ ሰፋፊ ደም መልሶች ውስጥ ደም ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ተነስቶ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ እግር ያላት ተማሪ ኤስትሮጅን ያለበትን የእርግዝና መከላከያ እንክብል ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟ ስለ እግሯ ማወቅ አለበት፤ ኤስትሮጅን የመርጋቱን አደጋ ይጨምራል፣ ኤስትሮጅን የሌለባቸው ሌሎች አማራጮችም አሉ። እናቷ ስለማታውቅ ለመናገር የምታፍር ካለች፣ ለካምፓስ ክሊኒኳ ነርስ መናገር በቂ ነው፤ ነርሷ ለእናቷ አትናገርም። ከቀዶ ሕክምናና ከእርግዝና በፊትም ዲ-ዳይመርና ፋይብሪኖጅን የሚባሉት የደም ምርመራዎች ይታያሉ።

ከደለስ አዲስ አበባ ያለማቋረጥ ወደ 13 ሰዓት ነው። የገና ወይም የክረምት ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ለአንዳንዱ ሰው ካልሲውና በየሰዓቱ ተነስቶ መሄዱ ይበቃዋል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ከበረራው በፊት ደም የሚያቀጥን መርፌ ይታዘዝለታል። የመተላለፊያውን ወንበር ያዙ፣ ውሃ ጠጡ። ከወረዳችሁ በኋላ እግር በድንገት ካበጠ፣ ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ዘመድ እስኪሰናበት አትጠብቁ።

ስም ላልወጣለት በሽታ ደግሞ ብሔራዊ የጤና ተቋም ከ2008 ጀምሮ ያልታወቁ በሽታዎች ፕሮግራም አለው። የሚገባው በሐኪም ደብዳቤና በሕክምና መዝገብ ነው፤ ሁሉም አይገባም፣ የገባ ግን በጥናቱ ስር ለሚደረግለት ምርመራ አይከፍልም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ቅርብ ነው። በሜትሮ ከሄዳችሁ ግን ሬድ ላይን መሃል ከተማ ወርዶ፣ ዞሮ፣ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል፤ ሜዲካል ሴንተር የሚባለው ጣቢያ ላይ ውረዱ፣ መታወቂያ ያዙ፣ በር ላይ ለሚደረገው ፍተሻም ጊዜ ጨምራችሁ ተነሱ።